ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች

ቡታጅራ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል። ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ በሚገኝ የቆርቆሮ ጋራዥ ደጃፍ አንዲት ባለ 125 ሲሲ ሞተር ሳይክል ቆማለች። ሌሊቱን ሲዘንብ ስላደረ ጎማዋ በጥቁር ጭቃ ተደፍኗል። ከኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ የክትባት ሣጥን በላስቲክ ታስሯል። ነጂዋ የጤና ጣቢያ ባለሙያ ናት፤ በዙሪያው ያሉትን ጤና ኬላዎች እየተመላለሰች የምትከታተል።

«ጋሼ፣ ስነሳ ቋ ትላለች። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ከሥር የሆነ ነገር ይማታል።»

መካኒኩ ወዲያው አልመለሱላትም። ተንበርክከው ሁለት ጣታቸውን ከታችኛው የሰንሰለት መስመር ሥር ሰደዱና ወደ ላይ ገፉ። ሰንሰለቱ ያለ ምንም ትግል ተነሳ። ጎማውን ሩብ ዙር አዞሩና እንደገና ገፉ፤ አሁን ያን ያህል አልተነሳም። ሌላ ሩብ ዙር። እዚህ ላይ እንደ ክራር ጅማት ተወጥሮ ጠበቃቸው።

«ይህን ማን ነው ያጠበቀልሽ ልጄ?»

«እኔው ነኝ፣ ባለፈው ሳምንት። ረግቦብኝ ነበር።»

«ጎማውን እያዞርሽ ነው የለካሽው?»

«የለም ጋሼ፣ በቆመበት ነው።»

«በቆመበት ከሆነማ አንዱን ቦታ ብቻ ነው ያየሽው» አሉና ረዳታቸውን ጠሩ። «አንተ፣ ማቆሚያዋን አምጣ። ትልቁን መፍቻም።»

የሞተሩ ድምፅ ደህና ነው። ዘይቱም አልጎደለም፤ ጎማውም ገና ብዙ ይሄዳል። ይህች ሞተር የጎደላት ነገር በገንዘብ ቢተመን ምንም አይደለም፤ ግማሽ ሰዓት የማይሞላ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ሁኔታ ረጅም ቁልቁለት ብትወርድ ሰንሰለቱ ከጥርሱ ወጥቶ በጥርሱና በሞተሩ ቤት መካከል ሊሰነቀር ይችላል። ያን ጊዜ የኋላው ጎማ ባለበት ይቆለፋል፤ የሞተሩ የአሉሚኒየም ቤትም ሊሰበር ይችላል። አስፋልት ላይ እንኳ አደገኛ ነው። ጭቃማ ገደል አፋፍ ላይ ሲሆን ምን ሊመጣ እንደሚችል መገመት አያስቸግርም።

ይህን ጉዳይ እንደ ተራ የጋራዥ ወሬ አላየውም። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር የታሰበው አገልግሎቱን እስከ ቀበሌ ድረስ ለማውረድ ነበር፤ ዛሬ ከ30 ሺህ በላይ ሠራተኞች ያሉት ትልቅ ሥርዓት ሆኗል። አብዛኞቹ በእግራቸው ይጓዛሉ። ክትባቱን የሚያደርሰውና ናሙናውን የሚያመጣው፣ የመድኃኒቱን እጥረት አይቶ የሚመለሰው ግን ብዙ ጊዜ ሞተረኛ ነው። አብዛኛው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት አለበት፤ በሣጥኑ ውስጥ ያለው በረዶ ደግሞ መንገድ ዳር የተበጠሰ ሰንሰለት እስኪጠገን አይጠብቅም። በግብርናውም እንዲሁ ነው፤ የወረዳው የእንስሳት ሐኪም የሚደርሰው ሞተሩ ሲደርስ ነው።

በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ማለት ነው፣ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ባሪ ኮልማንና አሜሪካዊው የሞተር ሳይክል ተወዳዳሪ ራንዲ ማሞላ ወደ ጎረቤታችን ሶማሊያ ሄደው ነበር። ለጤና ሥራ የተሰጡ ሞተሮች ገና ብዙ ሳይሠራባቸው ተሰብረው ተጥለው አዩ። ሞተሮቹን የገደለው የጥገና እጦት ነበር፤ የሰንሰለት ዘይት፣ የብሎን ማጥበቅ፣ የማጣሪያ ማጽዳት የመሰለ ጥቃቅን ሥራ። ከዚያ በመነሳት ባሪ ኮልማንና ባለቤቱ አንድሪያ ራይደርስ ፎር ሄልዝ የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። ድርጅቱ እንደ ሌሶቶና ጋምቢያ ባሉ አገሮች ሲሠራ የጀመረው አዲስ ሞተር ከማከፋፈል ሳይሆን ጤና ባለሙያው ራሱ ጠዋት ጠዋት ሞተሩን እንዲፈትሽ ከማስተማር ነበር። ይህ አካሄድ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። መሥሪያ ቤቶቻችን ሞተር ሲረከቡ የሚደረገውን ሥነ ሥርዓት ያህል ለሰንሰለቱ ቢጨነቁ ኖሮ፣ በየግቢው ሣር በቅሎባቸው የምናያቸው ሞተሮች ቁጥር ያንስ ነበር።

እስኪ ወደ ብረቱ እንመለስ።

ከካምቢዮው የሚወጣውን ጉልበት ለኋላ ጎማ የሚያደርሱት ሁለት ባለ ጥርስ ክብ ብረቶችና በእነርሱ ላይ የሚዞረው ሰንሰለት ናቸው። መካኒኮች ክቦቹን በአጭሩ የፊት ጥርስና የኋላ ጥርስ ይሏቸዋል፤ ሰንሰለቱን ደግሞ ብዙዎች ካቴና ይሉታል። ሰንሰለቱ ከውጭ ሲታይ ቀላል ይመስላል። በውስጡ ግን እያንዳንዱ መጋጠሚያ የብረት ፒን፣ ፒኑ የሚዞርበት ቱቦ ማለትም ቦኮላ፣ በቦኮላው ላይ ደግሞ ጥርሱን የሚነካ ተንከባላይ ቀለበት አለው። ይህን አሠራር በ1880 እ.ኤ.አ. በባለቤትነት ያስመዘገበው ስዊዘርላንድ ተወልዶ እንግሊዝ ማንቸስተር ውስጥ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ሃንስ ሬኖልድ ነው። ከ140 ዓመት በላይ አልፎታል፤ በቡታጅራው ጋራዥ ደጃፍ የቆመችውም ሞተር የምትሄደው በዚያው አሳብ ነው።

በዚህ ሰንሰለት ላይ የሚያርፈውን ጫና ብዙ ነጂ በውል አያውቀውም። ባለ 125 ሲሲ ሞተር በራሱ ዘንግ ላይ የሚያወጣው የማዞር ኃይል 10 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። በአንደኛ ማርሽ ይህ ኃይል ካምቢዮውን አልፎ የፊት ጥርሱ ላይ ሲደርስ አሥር እጥፍ ያህል ይሆናል። የፊት ጥርሱ ከመሃሉ እስከ ዳሩ 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ሰንሰለቱ የሚጎተተው 300 ኪሎ ግራም በሚያልፍ ክብደት ልክ ነው። ዳገት ላይ፣ ሰውና ዕቃ ተጭኖ፣ ጋዝ በተሰጠ ቁጥር ይህ ይደጋገማል።

ሰንሰለት ለምን ይረዝማል? ብረቱ እንደ ላስቲክ ስለሚሳብ የሚመስላቸው አሉ። የሚሆነው ሌላ ነው። ፒኑና ቦኮላው እርስ በርስ ይፈጫሉ፤ አቧራና ጭቃ ሲገባ ደግሞ ፍጭቱ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል። በአንድ መጋጠሚያ ላይ የሚጠፋው ብረት በዓይን አይታይም። ነገር ግን ሰንሰለቱ 120 ያህል መጋጠሚያ አለው። እያንዳንዱ 0.025 ሚሊ ሜትር ቢበላ ድምሩ 3 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ያ ብቻውን በትክክል የተወጠረን ሰንሰለት አርግቦ የኋላ ጎማውን የያዘውን ሹካ ሆድ እንዲመታ ሊያደርገው ይችላል። ሁሉም መጋጠሚያ እኩል አይበላም። ሞተሯ ዝናብ ላይ ቆማ ስታድር ውኃ የገባበት በኩል ይዝጋል፣ አልታጠፍም ይላል፤ የደረቀው ጎን ደግሞ ይላላል። ነጂዋን ያሳሳታት ይህ ነው። በረገበው ቦታ ላይ ስታጠብቅ በወዲያኛው ዙር ሰንሰለቱ ከልክ በላይ ተወጠረ። ስለዚህ ጎማው እየተዞረ ከተለካ በኋላ ማስተካከያው የሚሠራው ሰንሰለቱ እጅግ በተወጠረበት ቦታ ላይ ነው።

መካኒኩ ሞተሯን በማቆሚያ ላይ አሳርፈው ማርሹን ነጻ አደረጉ። ከዚያ የመጀመሪያው ሥራቸው መጥረግ ነበር። ጭቃውን በደረቅ ብሩሽ አራገፉ፣ ከዚያም ነጭ ጋዝ ውስጥ በተነከረ ብሩሽ ሰንሰለቱን አሹት። ቤንዚን አልተጠቀሙም። ብዙ ዘመናዊ ሰንሰለቶች በየፒኑ ዳር የተቀመጠ ቀጭን የጎማ ቀለበት አላቸው፤ ከውስጥ ያለውን ግሪስ የሚያቅበው እርሱ ነው፤ ቤንዚን ያንን ጎማ ያበላሸዋል። ረዳቱ ብሩሹን ይዞ፣ «ጋሼ፣ ብናስነሳትና ማርሽ ብናስገባ ቶሎ አይጸዳም?» ሲል ጠየቀ።

መካኒኩ ሥራቸውን አቆሙ። «ስማ ልጄ፣ ሞተር ተነስቶ ሰንሰለት ሲዞር እጅህን እንዳታስጠጋ። ጨርቁን ይይዛል፤ ጨርቁ ጣትህን ይዞ ይገባል። በእጅ አዙረው። ቸኩሎ የተረፈ ጣት አላየሁም።»

ይህን ማስጠንቀቂያ ደግሜ ልጽፈው እወዳለሁ፤ ብዙ ቦታ ሲጣስ ስለሚታይ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ማርሹ ነጻ ሆኖ፣ ጎማው በእጅ እየተዞረ ካልሆነ በስተቀር ሰንሰለትና ጥርስ አይነኩም። በዝግታ የሚዞር ጎማ እንኳ በጥርስና በሰንሰለት መካከል የገባን ጣት ለመቁረጥ አቅም አለው።

ከጽዳቱ በኋላ ጥርሶቹን መረመሩ። የደህና ጥርስ ሁለት ጎን ተመሳሳይ ነው። የተበላ ጥርስ እንደ መንጠቆ ወደ አንድ ወገን ያጎነብሳል። በኋላ ጥርሱ ላይ፣ በስተኋላ መሃል ላይ ያለውን ሰንሰለት ይዘው ወደ ኋላ ጎተቱት፤ ከጥርሱ ብዙ የሚለቅ ከሆነ ሰንሰለቱ አብቅቷል ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ ማረጋገጫ የሚፈልግ በሜትር ይለካል። ብዙ ትንንሽ ሞተሮች የሚይዙት 428 የሚባለው ሰንሰለት ከፒን እስከ ፒን 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስለዚህ የ20 መጋጠሚያ ርዝመት አዲስ ሲሆን 254 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከዚያ ላይ ከ1 እስከ 2 በመቶ ከጨመረ፣ ማለትም ከ257 እስከ 259 ከደረሰ፣ ማጥበቅ ከንቱ ድካም ነው፤ መቀየር ነው ያለበት። ሲቀየርም ሦስቱ አብረው ይቀየራሉ፣ ሰንሰለቱና ሁለቱ ጥርሶች። አዲስ ሰንሰለት በተበላ ጥርስ ላይ ማሰር አዲሱን በአሮጌው መፍጨት ነው። የመሥሪያ ቤት ግዥ ክፍሎች ሰንሰለቱን ብቻ ሲገዙ ቆጠብን የሚሉት ገንዘብ በጥቂት ወራት ውስጥ ተመልሶ ይወጣል።

የዚች ሞተር ሰንሰለት ገና ይሠራል። መስተካከል ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

አሁን የሚመጣው ጥያቄ «ምን ያህል ይርገብ?» የሚለው ነው፤ የከተማ ሞተርና የገጠር ሞተር የሚለያዩትም እዚህ ላይ ነው። ለኮረኮንች የተሠራች ሞተር የኋላ ጎማዋ ብዙ ከፍ ዝቅ ይላል፤ በሞቶክሮስ ውድድር ሞተሮች ላይ እስከ 300 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ጎማውን የያዘው ሹካ የሚታጠፍበት ቦታና የፊት ጥርሱ መሃል አንድ አይደሉም፤ ማጠፊያው ከፊት ጥርሱ ትንሽ ወደ ኋላ ነው። ስለዚህ ሹካው ሲወዛወዝ በሁለቱ ጥርሶች መካከል ያለው ርቀት ይለዋወጣል። ርቀቱ ከሁሉም የሚበልጠው የፊት ጥርሱ መሃል፣ የሹካው ማጠፊያና የኋላ ጎማው መሃል በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ሲውሉ ነው። ሞተሯ ባዶዋን ስትቆም ጎማው ከዚህ መስመር በታች ነው። ሰው ሲቀመጥ፣ ጉድጓድ ሲመታ፣ ሞላው ሲታመቅ ጎማው በመስመሩ ላይ ያልፋል፤ ሰንሰለቱም በዚያች ቅጽበት ይወጠራል።

ባዶዋን ቆማ ሳለ «ቆንጆ ጥብቅ» የተደረገች የገጠር ሞተር፣ ሰው ተጭኖባት ጉድጓድ ስትመታ የምትሄድበት የለም። የሚጎተተው የካምቢዮው መውጫ ዘንግና ኩሽኔታው ነው። መጀመሪያ የዘይት መከላከያው ጎማ ማፍሰስ ይጀምራል። ቀጥሎ ኩሽኔታው ይጮኻል። ሰንሰለቱም ሊበጠስ ይችላል። የላላ ሰንሰለት ይጮኻልና ይታወቃል፤ ከልክ በላይ የተወጠረ ሰንሰለት ግን ድምፅ ሳያሰማ ውድ የሆነውን ክፍል ይበላል። ከሁለቱ ጥፋቶች የምፈራው ሁለተኛውን ነው።

ለከተማ ሞተሮች ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ርግበት ይበቃል። ለገጠር ሞተሮች 30፣ 40፣ አንዳንዴም 50 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ይጠየቃል። ትክክለኛው ቁጥር በሞተሯ መመሪያ መጽሐፍ ወይም በሹካው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛል። የሚለካበትም ቦታ ይለያያል፤ አንዱ ፋብሪካ ጎማው መሬት ነክቶ ከታች ይላል፣ ሌላው ጎማው ከመሬት ተነስቶ ከላይ ይላል። ቁጥሩን ከአንዱ፣ አለካኩን ከሌላው መውሰድ ስህተት ላይ ይጥላል። መጽሐፉ ከጠፋ ግን ራሱ ብረቱ ይናገራል። ሁለት ሰው በሞተሯ ላይ ይቀመጥ፣ ካልበቃም ኋላዋ በገመድ ይሳብና ሦስቱ ነጥቦች መስመር ላይ ይዋሉ። በዚያ ቦታ ላይ ሰንሰለቱ ትንሽ መላወሻ ከቀረው ልኩ ደህና ነው።

መካኒኩ የያዙት ማስመሪያ የተማሪ ነው። ከሰንሰለቱ አጠገብ አቁመው ታችኛውን መስመር እስከ መጨረሻው ወደ ታች፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው ወደ ላይ ገፉ። እጅግ በተወጠረበት ቦታ 15 ሚሊ ሜትር አነበቡ።

«ይኸው፣ ማጥበቅ ሳይሆን ማርገብ ነው ያለብን» አሏት።

«እኔ ደግሞ ላልቷል ብዬ ነው የመጣሁት» አለች፣ ተገርማ።

የኋላ ጎማው የሚዞርበትን ዘንግ መካኒኮች ፔርኖ ይሉታል። ፔርኖው በሹካው ሁለት ጫፎች በተሠሩ ረዘም ያሉ ቀዳዳዎች ውስጥ ያልፋል፤ ጎማው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሊንሸራተት የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው። በአንዱ ወገን ትልቁ ዳዶ አለ። በአንዳንድ ሞተሮች ዳዶው እንዳይፈታ ኮፒልያ የሚባል የሚታጠፍ ሽቦ ይሰካበታል፤ ሲነቀል አሮጌው ተጥሎ አዲስ ይገባል። መካኒኩ ኮፒልያውን በፒንሳ አወጡ፣ ዳዶውን ፔርኖው መንቀሳቀስ እስኪችል ድረስ ብቻ አላሉት። ከዚያ በሹካው ግራና ቀኝ ወዳሉት ትንንሽ ማስተካከያ ብሎኖች ዞሩ፤ የመቆለፊያ ዳዶዎቻቸውን ፈቱ። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ በብሎኑ ፋንታ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት እየሰፋ የሚሄድ ባለ ቁጥር ሳህን አለ፤ ሥራው ያው ነው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ረቂቅ የሚሆነው፤ ትንሽ ስሌት ይፈልጋል። በሁለቱ ጥርሶች መካከል ያለው የሰንሰለት መስመር 60 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ከላይ እስከ ታች 60 ሚሊ ሜትር የሚላወስን ሰንሰለት ወደ 40 ለማምጣት ጎማው ወደ ኋላ የሚሄደው 0.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ባለ 40 ሚሊ ሜትሩን ሰንሰለት ፈጽሞ ለመወጠር ደግሞ 0.7 ሚሊ ሜትር ይበቃል። የማስተካከያው ብሎን ባለ 8 ሚሊ ሜትር ከሆነ በአንድ ሙሉ ዙር 1.25 ሚሊ ሜትር ይሄዳል። በሌላ አነጋገር በልክና በአደጋ መካከል ያለው ልዩነት ግማሽ የብሎን ዙር ነው። «ትንሽ ላጥብቀው» ብሎ ሁለት ዙር የሚያዞር ሰው የሚሠራውን አያውቅም።

መካኒኩ የሚያዞሩት በሩብ በሩብ ነበር፤ ግራውን ሩብ፣ ቀኙን ሩብ፣ ከዚያ መለካት። በሁለቱ ወገን እኩል ካልዞረ ጎማው ይጣመማል፤ ሰንሰለቱ የጥርሱን አንድ ጎን እየጋጠ ይሄዳል፣ ሞተሯም ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ወደ አንድ ወገን ትስባለች። በሹካው ላይ የተሰመሩ ምልክቶች አሉ፤ ሁልጊዜ ግን አይታመኑም፣ በተለይ ወድቃ በምታውቅ ሞተር ላይ። መካኒኩ ገመድ ወስደው ከሹካው ማጠፊያ መሃል እስከ ፔርኖው መሃል በሁለቱም ወገን ለኩ። ከዚያም ከኋላ ተጎንብሰው በአንድ ዓይናቸው ሰንሰለቱን እስከ ፊት ጥርሱ ድረስ ተመለከቱት። ቀጥ ያለ ነው።

ማስመሪያው 40 አነበበ። ረዳቱ ትልቁን መፍቻ አነሳ።

«ቆይ» አሉት።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው በዚህች ደቂቃ ነው። ርግበቱ ተለክቶ፣ መስመሩ ተስተካክሎ፣ ትልቁ ዳዶ ሲጠብቅ ፔርኖው አብሮ ይንቀሳቀሳል። የማስተካከያው ብሎን ጫፍና ፔርኖው ሳይገናኙ ከቀሩ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ሊሆን ይችላል። ከላይ እንዳየነው ደግሞ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ማለት ሁሉም ነገር ማለት ነው። መካኒኩ አሮጌ ጨርቅ ጠቀለሉና ሰንሰለቱ ከታች ወደ ኋላ ጥርሱ በሚገባበት ቦታ ላይ አኖሩት፤ እጃቸውን ካራቁ በኋላ ጎማውን ከሌላው ወገን ይዘው ቀስ ብለው ወደ ፊት አዞሩት። ጨርቁ በጥርሱና በሰንሰለቱ መካከል ገብቶ ተጨመቀ። ሰንሰለቱ ተወጠረ፤ ፔርኖውን ወደ ፊት ስቦ ከሁለቱ ብሎኖች ጫፍ ጋር አጣበቀው። አሁን «በል» አሉት ረዳቱን። ዳዶው የጠበቀው ፔርኖው በትክክለኛ ቦታው ተይዞ ሳለ ነው። ከዚያ ጎማው ወደ ኋላ ዞረ፤ ጨርቁ ወጣ።

ዳዶው ምን ያህል ይጥበቅ? እንደ ሞተሯ ዓይነት ይለያያል፤ በብዙዎቹ ከ80 እስከ 130 ኒውተን ሜትር ባለው ውስጥ ይወድቃል። ዳዶው ሲጠብቅ ፔርኖው በጥቂቱ ይለጠጣል፤ በዚያ ኃይል የሹካውን ሁለት ጫፎች፣ በመካከል ያሉትን ቱቦዎችና የኩሽኔታዎቹን ውስጠኛ ቀለበት አንድ ላይ ያምቃቸዋል። ጎማው ከቦታው እንዳይንሸራተት የሚይዘው ይህ መታመቅ ነው። ትንንሾቹ ብሎኖች ጎማውን በቦታው ለማስቀመጥ እንጂ ብቻቸውን ያን 300 ኪሎ እንዲሸከሙ አልተሠሩም። ዳዶው ከላላ ሰንሰለቱ ያለበት ወገን ወደ ፊት ይሳባል፣ ጎማው ሰያፍ ይሆናል፣ ሰንሰለቱም ከጥርሱ ይወጣል። ከልክ በላይ ከጠበቀ ደግሞ የፔርኖው ጥርስ ይላጣል፤ ከከተማ ርቆ የተላጠ ፔርኖ መፍትሔው ሩቅ ነው።

ጋራዡ ቶርክ ሬንች፣ ማለትም የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ መፍቻ አለው። በአንድ ጥግ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ከሌሎቹ መፍቻዎች ተለይቶ ይቀመጣል። መካኒኩ መጠኑን ሞልተው ጠቅ እስኪል ድረስ ጎተቱት። ከዚያም ወዲያው ማስመሪያውን መልሰው ለኩ። ዳዶው ከጠበቀ በኋላ ያልተለካ ሰንሰለት አልተለካም። ጎማው ሙሉ ዙር ዞረ፤ እጅግ በተወጠረበት 38፣ እጅግ በረገበበት 52። ልዩነቱ ሰንሰለቱ እያረጀ መሆኑን ይናገራል፤ ለአሁኑ ግን ይሄዳል። የመቆለፊያ ዳዶዎቹ ተቆለፉ፣ አዲስ ኮፒልያ ገብቶ ታጠፈ።

በሰንሰለቱ ላይ የመጋጠሚያ ክሊፕ ካለ አቅጣጫውን ማየት ያስፈልጋል። ክሊፑ አንድ ክፍት ጫፍና አንድ ዝግ ጫፍ አለው። ዝጉ ጫፍ ሰንሰለቱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ መዞር አለበት፤ በተቃራኒው ከገባ ድንጋይ ወይም ቁጥቋጦ ገጭቶ ሊያስወጣው ይችላል። በዓይን ለማየት ሁለት ሴኮንድ የማይፈጅ ነገር ነው።

ጎማው ከቦታው ሲንቀሳቀስ ፍሬኑም ይለወጣል። ባለ ከበሮ ፍሬን በሆነች ሞተር ላይ ጎማው ወደ ኋላ ከሄደ የፍሬኑ ዘንግ ይወጠርና ፍሬኑ ሳይረገጥ ይይዛል፤ ወደ ፊት ከመጣ ደግሞ ፔዳሉ ባዶ ይወርዳል። በዚች ሞተር ላይ ጎማው ወደ ፊት ስለመጣ መካኒኩ የዘንጉን ዳዶ ጥቂት አጠበቁት፣ ጎማውን በእጃቸው አሽከረከሩና ፔዳሉን ረገጡ። ባለ ዲስክ ከሆነች ከመነሳት በፊት ፔዳሉን ደጋግሞ መርገጥ ይበቃል፤ እርሱም ግን መዘንጋት የለበትም።

በመጨረሻ ዘይት። በብዙ ቦታ የሚቀባው ከሞተር የወጣ የተቃጠለ ዘይት ነው፤ በነጻ ስለሚገኝ። በውስጡ ያለው የብረት ብናኝና ጥቀርሻ ሰንሰለቱን ከመጠበቅ ይልቅ ይፈጨዋል፤ ይህ ልማድ መቆም አለበት። ንጹሕ የማርሽ ዘይት በትንሹ፣ በታችኛው መስመር ውስጠኛ ጎን ላይ ጠብ ጠብ ሲል ሰንሰለቱ ሲዞር ራሱ ወደ ውጭ ያሰራጨዋል። የሚሻለው ጊዜ ከጉዞ መልስ ብረቱ ገና ሞቅ ሲል ነው፤ ሌሊቱን ወደ ውስጥ ይሰርጋል፣ ጠዋት ትርፉ ይጠረጋል። ዘይት በዝቶ የሚንጠባጠብ ሰንሰለት አቧራ ይሰበስባል፤ በበጋ ይህ ከደረቅ ሰንሰለት አይሻልም።

ነጂዋ ሂሳቧን ስትከፍል አንድ ነገር ጠየቀች። «ጋሼ፣ እኔ ያለሁበት ቶርክ ሬንች የለም። ሜዳ ላይ ዳዶው ቢላላብኝ በምን ልለካው?»

መልሳቸው በቀጥታ ሊጻፍ የሚገባው ነው። 100 ኒውተን ሜትር ማለት 10 ኪሎ ግራም ገደማ ከአንድ ሜትር ዘንግ ጫፍ ላይ ሲንጠለጠል ማለት ነው። መፍቻው 50 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 20 ኪሎ፣ 25 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 40 ኪሎ ይፈልጋል። በሞተር ዕቃ ቦርሳ ውስጥ የሚመጣው መፍቻ አጭር ስለሆነ አብዛኛው ሰው በክንዱ ብቻ ልኩ ላይ አያደርሰውም፤ በላዩ ቱቦ አስገብቶ ማስረዘም ያስፈልጋል። ቱቦ ያስገባ ደግሞ እየቆመበት መርገጥ የለበትም። መካኒኩ የተጣለ የውኃ ቱቦ ከጥግ አንስተው ከመፍቻዋ ጋር አጋጠሙላት፤ ከዳዶው መሃል እስከ እጅ መያዣው ግማሽ ሜትር ለክተው በመጋዝ ቆረጡት። «አንድ ሃያ ሊትር ጀሪካን ውኃ ሞልተሽ በአንድ እጅ ስታነሺ የምታወጪውን ጉልበት ታውቂዋለሽ አይደል? ይኸው፣ እሷን ነው ከጫፉ ላይ የምትጎትቺው።»

ከዚያ ሌላ የነገሯት አጭር ነው። ዛሬ የጠበቀው ዳዶ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ አንዴ ይፈተሽ፤ በመካከል የቀረ ጭቃና ቀለም ሲረግፍ ሊላላ ይችላል። ሰንሰለቱ በክረምት ከእያንዳንዱ የጭቃ ጉዞ በኋላ፣ በበጋ ቢያንስ በሳምንት አንዴ ይለካ፤ ጎማው እየተዞረ። በቦርሳዋ ውስጥ የዳዶው ልክ መፍቻ፣ የማስተካከያዎቹ መፍቻ፣ ፒንሳ፣ ሁለት ኮፒልያና አንድ ትርፍ መጋጠሚያ ከነክሊፑ ይኑር። መጋጠሚያው በሰንሰለቱ ጎን ላይ የተቀረጸው ቁጥር ያለበት መሆን አለበት፤ የ428 ሰንሰለት የ520ን አይቀበልም፣ ስፋቱም ርቀቱም ይለያያል። ረዳቱ ከመደርደሪያ አንዱን አውጥቶ ቁጥሩን አነበበላትና ከኮፒልያዎቹ ጋር በፌስታል ቋጥሮ ሰጣት።